ለጎድጓዳ ሳህን የሚሆን የእንጨት ቶርኖ፦ 1500 ዶላር አለኝ፣ የቱን ልግዛ?

ዋንዛ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

የእንጨት ቶርኖ፣ እንጨት እያዞረ በመሮ የሚያስቀርጸውን ማሽን፣ ልገዛ ነው። የአልጋ እግር ወይም የደረጃ ድጋፍ የመሥራት ሐሳብ የለኝም። የምፈልገው ጎድጓዳ ሳህን ነው። የፍራፍሬ፣ የቆሎ፣ የሰላጣ። አያቴ ቤት አንዲት የዋንዛ ገበቴ ነበረች። ስፋቷ ግማሽ ሜትር ይሆናል። እሷን የምትመስል አንድ ቀን በእጄ ብሠራ ደስ ይለኛል።

ያለኝ 1500 ዶላር ነው። ሦስት ነገር ላይ እያመነታሁ ነው። አንደኛው ሰፈሬ ያለ ሰው የሚሸጠው አሮጌ ማሽን ነው። ርዝመቱ 36 ኢንች፣ ዋጋው 250 ዶላር። ዝቅተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ዙር ነው ብሎኛል። ሁለተኛው አዲስ ባለ 12 ኢንች የጠረጴዛ ቶርኖ ነው። ሦስተኛው ሁለት ዓመት ቆጥቦ ትልቁን ባለ 20 ኢንች መግዛት።

ማሽኑ የሚገባው ቤዝመንት ነው። ባለቤቴ «አቧራው ሳሎን ከደረሰ አንተም ማሽኑም ትወጣላችሁ» ብላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰጋቱራ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። የ250ውን እርሳው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ርዝመት የሚጠቅመው የጠረጴዛ እግር ለሚሠራ ሰው ነው። ለሳህን 36 ኢንች ምን ያደርግልሃል? ቦታ ይይዝብሃል እንጂ። አንተ ማየት ያለብህ ስዊንጉን ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚዞረው ትልቁ ስፋት ማለት ነው። ባለ 12 ኢንች ሲባል ከስፒንድሉ (እንጨቱን ከሚያዞረው ዘንግ) መሃል እስከ አልጋው (ከሥር እስካለው የማሽኑ መደብ) 6 ኢንች አለ ማለት ነው። ሙሉውን 12 ግን አታገኝም፤ የመሮ ማሳረፊያው እግር ከሥር ማለፍ ስላለበት ትንሽ ይቀነሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ 600 ያልከው ነው። ገና ከግንድ በቼይንሶው የተቆረጠ እንጨት ክብ አይደለም። አንድ ጎኑ ይከብዳል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በ600 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሚዛኑን የሳተ እንጨት በዚያ ፍጥነት ቀላሉን ማሽን ቤዝመንቱ ውስጥ እስክስታ ያስወርደዋል። ለሳህን ከ100 በታች የሚወርድ ማሽን ፈልግ።

ኩርንችት (ዳላስ)

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቆጥብና ትልቁን ግዛ። እኔ ትንሽ ገዛሁ፣ በዓመቱ ሸጥኩ፣ ትልቅ ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ከሰርኩ። ፓወርማቲክ 3520 የምትባለዋ ባለ 20 ኢንች ናት፣ 2 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ከ300 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ትልቅ ግንድ ስትሰቅልባት ንቅንቅ አትልም። የአያትህንም ገበቴ እሷ ላይ ነው የምትሠራው።

ሰጋቱራ

ወንድም ኩርንችት፣ 300 ኪሎ ብረት በቤዝመንት ደረጃ ማን ያወርድለታል? ዕቁብተኛ ሁሉ ተሰብስቦ? ደግሞ 220 ቮልት ነው የምትሠራው። ቤዝመንቱ ውስጥ ያ መስመር ከሌለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊጠራ ነው።

ኩርንችት

ፈታትቶ ይወርዳል። እኔ ራሴ ከሦስት ጓደኛ ጋር አውርጃለሁ። አንዱ እስካሁን ወገቤን እያለ ይወቅሰኛል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋሼ ቶርኖ (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ የብረት ቶርኖ ላይ 30 ዓመት ሠርቻለሁ። የእንጨቱን የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ዋንዛ ልጄ፣ ሁሉም የሚያወራልህ ስለ ማሽኑ ነው። ስለ መሮው አንድም ሰው አላነሳም። እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ። ደነዝ መሮ ይዘህ የሚሊዮን ብር ማሽን ቢሰጥህ እንጨቱን ትቦጫጭቀዋለህ እንጂ አትቆርጠውም። የተሳለ መሮ ካለህ ግን መካከለኛ ማሽንም ይበቃሃል።

ከ1500ው ለማሽኑ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ መድብ። የቀረው ለቻክ፣ ለመሮ፣ ለግራይንደር (መሮ መሳያ)ና ለፊት መከላከያ ነው። ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውን ሁሉ ማሽን ላይ ጨርሰው ማሽኑን በአንሶላ ሸፍነው የተቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

የአያትህ ገበቴ ደግሞ በቶርኖ አልተሠራችም። በመጥረቢያና በመሮ፣ ከአንድ ግንድ ተቦርቡራ ነው። ግማሽ ሜትር ለመሥራት 20 ኢንች ማሽን አያስፈልግህም፤ ትዕግሥትና ጥሩ መጥረቢያ ነው የሚያስፈልግህ። በቶርኖ ትንንሹን ሥራ።

ዋንዛ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ የመጨረሻው ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። ገበቴዋን ሳስብ ሁሌም በማሽን ነበር የማስባት።

ቻክ ያላችሁትን ግን አልገባኝም። ማሽኑ ሲገዛ እንጨት መያዣ አብሮ አይመጣም?

ፍቅፋቂ (ሙኒክ)

አይመጣም። ወይም ቢመጣ ፌስፕሌት የሚሉት ክብ ብረት ነው የሚመጣው፤ እንጨቱ ላይ በብሎን ይታሰራል። ለመጀመሪያው የውጭ ቅርጽ እሱም ይሆናል። ሳህኑን ገልብጠህ ውስጡን ስትቦረቡር ግን ባለ አራት ጥርስ ቻክ ያስፈልግሃል። ከሳህኑ ታች አጭር ክብ እግር ትተዋለህ፣ ቻኩ እሱን ጨምድዶ ይይዛል።

ቻክ ስትገዛ የስፒንድሉን ጥርስ፣ ቻኩ የሚጠመዘዝበትን፣ ተመልከት። አሜሪካ ያሉት ትንንሽ ማሽኖች አብዛኞቹ 1 ኢንች ስፋት ሆነው በኢንች 8 ጥርስ ናቸው። ትልልቆቹ 1 ከሩብ። እኛ አውሮፓ ያለን ብዙ ጊዜ ኤም 33 (33 ሚሊ ሜትር) ነው። እኔ ከአሜሪካ በቅናሽ ቻክ አዝዤ ሲመጣ አልገጥም ብሎኝ ለአንድ ወር መጽሐፍ መደገፊያ አድርጌዋለሁ።

አሁን ስለ ፊት መከላከያ። ይቅርታ፣ ይሄን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ የቼሪ ሳህን ከቻኩ ወጥቶ በረረ። እግሩን አሳጥሬ ነበር የተውኩት፣ ፍጥነቱን ደግሞ ከፍ አድርጌ ነበር። ጆሮዬን አልፎ ግድግዳ መታ። ግድግዳው ላይ ያለው ጉድጓድ አሁንም አለ፣ አላስደፈንኩትም። ያን ቀን መነጽር ብቻ ነበር ያደረግኩት። መነጽር ዓይንን ከፍቅፋቂ ያድናል፣ አገጭን አያድንም። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ያዝ።

ለፍጥነቱ የድሮ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሒሳብ አለ። ስፋቱን በኢንች ወስደህ በዙሩ ታባዛለህ። ውጤቱ ከ6000 እስከ 9000 ይሁን። 10 ኢንች ሳህን ከሆነ ከ600 እስከ 900 ማለት ነው። ይህ እንጨቱ ክብ ከሆነ በኋላ ነው። ገና ጎርባጣ እያለ ከዚያ በታች ጀምረህ፣ ማሽኑ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ጨምረህ፣ ትንሽ ትመልሰዋለህ። ማብሪያውን ስትጫን ሁልጊዜ ከእንጨቱ ፊት ለፊት ዞር በል።

ጋሼ ቶርኖ

እህቴ እውነት ተናገረች። እኔም ልጨምር። ጓንት የለም። ረጅም እጅጌ የለም። ቀለበት ይወልቃል። ማተብም ሆነ ሐብል አንገትህ ላይ ካለ ሸሚዝህ ውስጥ ይግባ። ነጠላ ደግሞ ከክፍሉ ደጃፍ አይለፍ። ቶርኖ የያዘውን አይለቅም።

መሮ (ሐዋሳ)

እኔ ልግባ፣ ይቅርታ ውይይቱን ልጠልፍባችሁ ነው። እዚህ ሳህን የሚሠራ ቶርኖ ማን ያስመጣልኛል? ዋጋው አይቀመስም። የአልጋ እግር የሚያወጡት ቤቶች ያሏቸው የተበየዱ ማሽኖች ናቸው። እኔም አንድ ለማስበየድ አስቤያለሁ። 1 የፈረስ ጉልበት ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ዲናሞ፣ ሞተር ማለቴ ነው፣ አለኝ። ቤቴ ያለው መስመር ግን ሲንግል ፌዝ ነው። ይሆናል?

ጋሼ ቶርኖ

ይሆናል። ግን የአልጋ እግር ማሽን ለሳህን አይበቃም። የአልጋ እግር በሁለት ጫፍ ተይዞ ነው የሚዞረው፣ ጭነቱ ይከፋፈላል። ሳህን ግን አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነው የሚቦረቦረው። ክብደቱም የመሮው ግፊትም ሁሉ የሚያርፈው የፊተኛው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት) ላይ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ወፍራም አድርግ፣ ሁለቱን ኩሽኔታ አራርቃቸው፣ የፊተኛውን ትልቅ ምረጥ። ኩሽኔታውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ። አልጋውን ከወፍራም የብረት ቻነል አስበይድ። ከተረፈህ እግሮቹ ውስጥ አሸዋ ሙላ። መንቀጥቀጥን ክብደት እንጂ ሌላ መድኃኒት አያስቆመውም።

ለዲናሞው ኢንቨርተር የሚሉት የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለ። ሲንግል ፌዝ 220 ተቀብሎ ስሪ ፌዝ 220 ያወጣል። ዲናሞው ላይ የተለጠፈውን የብረት ጽሑፍ አንብብ። 220/380 የሚል ከሆነ ሽቦውን ዴልታ በሚባለው አስተሳሰር ማሰር አለብህ። ስታር በሚባለው በሌላው ካሰርከው ጉልበት አይኖረውም።

መሮ

ጋሼ ኑሩልኝ። ታዲያ ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ከቀነሰልኝ ፑሌጃና (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ቺንጋ (ማዞሪያው ቀበቶ) ምን ያደርጋሉ? በቀጥታ ልግጠመው?

ጋሼ ቶርኖ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢንቨርተር ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ የሰከንድ ምልልስ) ላይ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ዲናሞ 10 ኸርዝ ላይ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው የሚቀረው። መሮውን ስታስጠጋው ይቆምብሃል። ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ቀስ ስለሚል ዲናሞው ይግላል። ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ያለው ፑሌጃ ካለህ ለትልቅ ሳህን ወደ ዝግታው ትወርዳለህ፣ ዲናሞው ግን እንደልቡ ይሮጣል። ፑሌጃው ለጉልበት፣ ኢንቨርተሩ ለማስተካከል።

ሰጋቱራ

ዋንዛ፣ ይሄን አንተም አንብበው። የሱቅ ማሽኖችም እንደዚያው ናቸው። ጄት 1221 የምትባለዋ ለምሳሌ ሦስት የቺንጋ ቦታ አላት፣ በመካከሉ በቁልፍ ትቆጣጠራታለህ። ከ60 እስከ 3600 ዙር ትሄዳለች። እኔ ለጀማሪ የምመክረው እንደሷ ያለውን ነው። ኖቫ 1624 ደግሞ 16 ኢንች ናት፣ ግን ፍጥነት ለመቀየር ቺንጋውን በእጅ ማዛወር አለብህ። ሰነፍ ከሆንክ (እኔ ሰነፍ ነኝ) ሳትቀይር በማይገባ ፍጥነት ትሠራለህ።

ዋንዛ

እኔም ከሰነፎቹ ነኝ። ሌላ ጥያቄ። ማሽኑን እዚህ ተምሬበት በኋላ አገር ቤት ይዤው ልግባ ብልስ?

ፍቅፋቂ

የ110 ቮልት ማሽን እዚያ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ያም ሆኖ ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። አሜሪካ 60 ነው፣ ኢትዮጵያ 50። ባለ ቺንጋ ተራ ሞተር ከሆነ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ደግሞ መመሪያው ላይ የሚችለውን ቮልት ሳታይ አትሰካው።

ኩርንችት

እሺ፣ ትንሹን ግዛ። ግን በዓመቱ እዚህ መጥተህ «ኩርንችት ልክ ነበር» ብለህ ትጽፋለህ።

ሰጋቱራ

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፣ ከ1986 ጀምሮ ያለ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚኒሶታ ነው፣ አንተ ግን በየአካባቢው ካሉት ክለቦች ወደ አንዱ ሂድ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ማሽን ያስነኩሃል፣ ስለት ያሳዩሃል፣ እንጨት በነፃ ይሰጡሃል። ደግሞ ያረጀ አባል ማሽኑን ሲሸጥ መጀመሪያ የሚሰማው ክለቡ ነው።

እንጨት በጭራሽ አትግዛ። ማዕበል ሲነሳ መንገድ ዳር የሚከመረውን ቼሪና ሜፕል ሰዎች እንድትወስድላቸው ይለምኑሃል። የግንዱን እምብርት፣ መሃሉን ማለት ነው፣ ሳህንህ ውስጥ አታስቀር። ከእሱ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። እርጥብ እንጨት ከሆነ መጀመሪያ ወፍራም አድርገህ አውጣው፤ የጎኑ ውፍረት የስፋቱ አንድ አሥረኛ ይሁን። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከፍቅፋቂው ጋር አስቀምጠህ ለወራት እርሳው። ሲደርቅ ይጣመማል። ያኔ መልሰህ ሰቅለህ ታጠራዋለህ።

መሮ

እኛጋ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ተሰነጠቀ።

ጋሼ ቶርኖ

ባሕር ዛፍ ለምሰሶ ነው የኔ ልጅ። ግራቪሊያ ፈልግ፣ ጓሮ ሁሉ አለ። ዋንዛ ካገኘህ ደግሞ እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጥልህ። ግን ከደን አትቁረጥ፣ ክልክል ነው። ከአሮጌ ቤት የሚወጣ በርና ሳንቃ ፈልግ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ መሮውን ቶሎ ቶሎ ትስላለህ። ፍቅፋቂውን ግን እንዳትጥል። እናቶች ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይወስዱልሃል።

ፍቅፋቂ

ስለ አቧራው ማንም አልመለሰለትም። ባለቤቱ ልታባርረው ነው እኮ።

ዋንዛ፣ መሮው ሲቆርጥ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከባድ ነው፣ መሬት ይወድቃል፣ ትጠርገዋለህ። አደገኛው በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ የሚነሳው ነው። የማይታየው ደቃቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ1995 ጀምሮ የእንጨት አቧራን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ጥሩ ማስክ አድርግ፣ የሚስብ ማሽን ከእንጨቱ ጀርባ አስጠጋ፣ የቤቱ ማሞቂያ አየር የሚስብበትን ክፍት ቦታ ዝጋ። ሳሎን የሚገባው በዚያ ነው። ጋሼ እንዳሉት መሮህ ከተሳለ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱ ራሱ ይቀንሳል።

ዋንዛ (ከአምስት ወር በኋላ)

ሰላም ሁላችሁም። እንዳልጠፋሁ ለማሳወቅ ነው።

ክለቡ ሄድኩ። ከኔ በቀር ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሽበት። በሁለተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ትልቅ ማሽን ሊገዙ ብለው ባለ 12 ኢንቿን በ600 ዶላር ሸጡልኝ። ቻኩንም መረቁልኝ። በቀረው ባለ ግማሽ ኢንች ጎድጓዳ መሮ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር 8 ኢንች ግራይንደር፣ ሲሳል መሮውን በአንድ ማዕዘን የሚይዝ መያዣና የፊት መከላከያ ገዛሁ። 140 ዶላር ተረፈኝ፣ እሱም ለአቧራ መሳቢያው ሄደ። ባለቤቴ አላባረረችኝም።

የመጀመሪያው ሳህኔ ታቹ ተበሳ። ውስጡን ስቦረቡር ውፍረቱን ሳልለካ ብርሃን ታየኝ። ሁለተኛው በረረ፣ ግን ዞር ብዬ ስለነበር ጣራውን ነው ያገኘው። እህቴ ፍቅፋቂ፣ እኔም ጉድጓድ አለኝ አሁን።

ሦስተኛው ተሳካ። ቼሪ ነው፣ 9 ኢንች። የተልባ ዘይት ቀብቼ ኩሽና አስቀመጥኩት። እናቴ ዘይቱ ሳይደርቅ ቆሎ ሞልታበት እንግዳ ፊት አቀረበችው። ቆሎው ተልባ ተልባ ይላል፣ እንግዶቹ ግን ጨረሱት።

ኩርንችት

12 ኢንች አልጠበበህም ገና?

ዋንዛ

ሰባት ወር ቀረህ።

ጋሼ ቶርኖ

እሰይ ልጄ! የለጠፍከውን ፎቶ አየሁት፣ ጠርዙ ያምራል። አሁን ገልብጠህ ታቹን አሳየን።

ዋንዛ

ጋሼ፣ የቻኩ ጥርስ ምልክት አለበት። አላሳይም።